«ሲጎድል እዚያው እሠራለሁ» ላሉን ጠያቂ

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ እወጣለሁ። አበሌ በወር 1,500 ዶላር ነው፤ አይጨምርም። ኑሮ ረከስ ያለበት አገር ሄጄ ለመኖር አስቤያለሁ። ገንዘቡ ከጎደለ እዚያው ትንሽ ሥራ እየሠራሁ እደጉመዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መሄዱን አልቃወምም። ያሳሰበኝ «እዚያው እሠራለሁ» ያሉት ነው።

ለጡረተኛ የሚሰጥ ቪዛ ብዙ ጊዜ ሥራ ይከለክላል። ታይላንድን እንውሰድ። ዕድሜዎ 50 ከሞላ፣ ባንክ ያስቀመጡት 800,000 ባት ወይም የ65,000 ባት የወር ገቢ ካለዎት መኖር ይችላሉ። ተቀጥሮ መሥራት ግን አይፈቀድም። ከርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጥ ቪዛም አለ። ፖርቱጋል ከ2022 ጀምሮ ትሰጣለች፤ የምትጠይቀው የወር ገቢ ግን የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ነው። በትርፍ ሰዓት ሥራ እዚያ አይደረስም። «ማን ያየኛል» ብሎ ተደብቆ መሥራቱንስ? በዚህ ዕድሜ ከአገር መባረር አያምርም።

መጉደሉ ደግሞ አይቀርም። ዋጋ በዓመት በ3 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ፣ ከ20 ዓመት በኋላ 1,500 ዶላርዎ የሚገዛው ዛሬ በ830 ዶላር ገደማ የሚገዛውን ነው። በ6 በመቶ ከጨመረ ግማሹ በ12 ዓመት ያልቃል። በዚያ ላይ ምንዛሪ አለ። የሚሄዱበት አገር ገንዘብ ከጠነከረ፣ ምንም ሳያጠፉ ገቢዎ ይቀንሳል። ከዚህኛው ስጋት መሸሽ ይቻላል፦ ፓናማ የምትገበያየው በዶላር ነው፤ ለጡረታ ቪዛም የዕድሜ ልክ 1,000 ዶላር የወር አበል ካለዎት ይበቃል። የዋጋ ንረቱ ግን እዚያም ይከተልዎታል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ድጎማውን ሳይሄዱ ይሥሩት።

ሁለት ዓመት አለዎት። ሙያዎም የሚፈለግ ነው። ሁለት ሦስት ትንንሽ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በትርፍ ሰዓት ቢሰጡዎትና በወር 400 ዶላር ቢያገኙ፣ ሲሄዱ 9,600 ዶላር ይዘዋል። ይህ በወር 200 ዶላር ለአራት ዓመት ይደጉምዎታል። አሠሪዎ አንድ ዓመት ካራዘመልዎት ደግሞ እምቢ አይበሉ። የሚጨመርልዎት የአንድ ዓመት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ከቁጠባዎ የሚበሉበት ጊዜም በአንድ ዓመት ያጥራል። ሰው ይህን ሁለተኛውን ሲያሰላ ብዙም አላይም።

ሥራ የሚፈቅድ ቪዛ ካገኙ ግን ጥያቄው ምን ይዘው ይሄዳሉ የሚለው ይሆናል። የአንድ አገር ግብር ሕግ ዕውቀት ሌላ አገር ለአሠሪ ብዙ አይጠቅምም። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ፣ ግን ከ140 በላይ በሚሆኑ አገሮችና ግዛቶች ይሠራበታል። ኮርስ ለመውሰድ ካሰቡ እሱን ይውሰዱ።

የጤና ኢንሹራንስም አይርሱ። ዋጋውን ሲጠይቁ የዛሬ ዕድሜዎን ብቻ ሳይሆን 75 ዓመት ሲሞላዎት ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ። አንዳንዱ ኩባንያ ከዚያ ዕድሜ በኋላ አዲስ ደንበኛ አይቀበልም።

ቤት ከመሸጥዎ በፊት የመረጡትን አገር ኤምባሲ «በዚህ ቪዛ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ከቤቴ መሥራት እችላለሁ ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ከዚያ ይጻፉልኝ፤ የሥራውን ዕቅድ አብረን እናወጣለን።