ውሾቹ ቢገደሉ የእብድ ውሻ በሽታ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄን የጎረቤታችን ውሻ ትናንት ክንዱን ነክሶ አደማው። ውሻው መከተቡን ባለቤቱ አያውቁም። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ውሾቹ ስለበዙ በመርዝ ይፈጁ እያለ ነው። ለልጄ ምን ላድርግ? ውሾቹ ቢገደሉስ በሽታው ይጠፋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጀመሪያ ልጁ። ትናንት ታጥቦለት ቢሆን እንኳ ቁስሉን አሁንም በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡትና ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ቁስሉ ስለደማ፣ ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው የሚወጋው ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚዋጋ፣ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) ያስፈልገዋል። ጠበል ማስጠመቅ ቢፈልጉ አልከለክልዎትም፤ ክትባቱን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳያዘገየው፤ ምክንያቱም የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ታማሚውን ማትረፍ አይቻልም ማለት ይቀላል።

የነከሰው ውሻ አይገደል። ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ፤ እስከዚያ ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የቀረውን ክትባት ሊያስቆም ይችላል። ሕክምናው ግን ይህን ሳይጠብቅ ይጀመራል።

ስለ መርዙ የጎረቤቶችዎ ስጋት ይገባኛል፤ መፍትሔውን ግን አልቀበለውም። በኢንዶኔዢያዋ የፍሎሬስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባ ብዙ ሺህ ውሾች ተገደሉ፤ በሽታው ግን አልጠፋም። የውሾችን ብዛት የሚወስነው በዋናነት የሚያገኙት ምግብና የሚያሳድጋቸው ሰው ነው። ቆሻሻው፣ የእርድ ትርፍራፊውና ውሻ የሚፈልገው ቤተሰብ እንዳሉ ናቸውና፣ በሞተው ውሻ ቦታ ብዙም ሳይቆይ ቡችላ ይተካል። ቡችላው ደግሞ ያልተከተበ ነው። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው ስለማይለይ፣ በሽታውን የሚያግደውን ውሻ ገድለን የሚያስተላልፈውን እናስገባለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ እንዲከተቡ የሚመክረውም ለዚሁ ነው፤ የሰፈር ውሻ ዕድሜው አጭር ስለሆነና ሁልጊዜ አዳዲስ ስለሚወለዱ፣ የተከተቡት ድርሻ እስከሚቀጥለው ዘመቻ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ክትባቱ በየዓመቱ መደገም አለበት፤ ሦስት ወር ያልሞላቸው ቡችሎችም መታለፍ የለባቸውም። መንገድ ላይ ከምናያቸው ውሾች ብዙዎቹ ባለቤት ስላላቸው፣ ቀበሌው ከእንስሳት ሐኪም ጋር ቀን ቢቆርጥ ይዞ ማቅረቡ ያን ያህል አያስቸግርም።

ሰፈሩ ውሾቹን ለመቀነስ ከፈለገ ከቆሻሻው ይጀምር። በበዓል ሰሞንም የበጉን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይጣሉላቸው፤ ከውሻ ወደ ሰው ተላልፎ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያወጣው የኮሶ ትል ዝርያ ውሻውን የሚይዘው ከዚያ ነው።