«ባሕር የሚገቡት መቼ ነው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው «አማንቹ!»ን እዩት ብዬ ጽፌ ነበር። አይታችሁታል። ግማሾቻችሁ አመሰገናችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ «ምን በደልንህ?» አላችሁኝ። ደብዳቤው ስለበዛ ዛሬ ዓምዱን ለእናንተ ለቅቄያለሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ። «አማንቹ!» የኮዙዌ አማኖን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ይዞ የተሠራ የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም የካርቱን ተከታታይ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሁለተኛው በ2018 ታየ። እያንዳንዳቸው 12 ክፍል አላቸው። ፉታባ የምትባል ዓይን አፋር ተማሪ ከቶኪዮ ወደ አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ትዛወራለች። እዚያ ሂካሪ ከምትባል፣ ባሕር ካላየች ከማይነጋላት ልጅ ጋር ትገናኛለች። ሂካሪ እጇን ይዛ የትምህርት ቤቱ ዳይቪንግ (ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ክለብ ውስጥ ትከታታለች። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ሂካሪ «ፒካሪ»፣ ፉታባ «ቴኮ» እየተባሉ ስለሚጠሩ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

«ሦስት ክፍል አየሁ፤ ቴኮ ገና ባሕር አልገባችም። የዳይቪንግ አኒሜ ብለኸኝ ድመትና ወሬ ነው ያየሁት። ባሕር የሚገቡት መቼ ነው?» — ከአዳማ

ወንድሜ፣ ከደረሱኝ ቅሬታዎች በብዛት አንደኛው ይሄ ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ ቴኮ የአየር ሲሊንደር አዝላ ባሕር እስክትገባ የመጀመሪያው ሲዝን ወደ ማለቂያው ይጠጋል። እስከዚያ ያለው ትምህርት ቤት፣ መዋኛ ገንዳ፣ ዕቃ ማየት፣ ድመት ማባበል ነው።

ግን ዳይቪንግ የሚማር ሰው ነገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ገንዳ፣ ባሕሩ መጨረሻ ላይ። ገንዳው ውስጥ ብዙ ጀማሪ የሚፈራው ልምምድ ደግሞ ማስክ፣ ማለትም ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን የጠላቂ መነጽር፣ ማጽዳት ነው። ታች ተንበርክከህ ማስክህን በገዛ እጅህ ገለጥ ታደርግና ውሃ ታስገባለህ። ውሃው ዓይንህንና አፍንጫህን ይሸፍናል። አፍህ ላይ የነከስከው የመተንፈሻ ዕቃ፣ ሬጉሌተሩ፣ አየር እየሰጠህ ነው፤ ምንም አልሆንክም። ጭንቅላትህ ግን «ሰመጥኩ!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባርህ ላይ ጫን፣ ቀና በል፣ በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ተንፍስ። አየሩ ውሃውን በታች በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ያቺን ጥቂት ሰከንድ ለማለፍ ቀናት የሚፈጅበት ሰው ግን አለ።

ተከታታዩ የሚያወራህ ስለ እንዲህ ዓይነት ሰከንዶች ነው። የሚሞት ሰው የለም፣ የዓለም ሻምፒዮና የለም፣ የሚያሳድድ ሻርክ የለም። አዲስ ሰው ሲያናግራት ለምትሸማቀቅ ልጅ አፍንጫዋ ጋ የደረሰ ውሃ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። እኔ ይሄን አኒሜ የወደድኩት ትንሿን ነገር ስለማይዘላት ነው። እስከ ስድስተኛው ክፍል ታገስ። ያኔም ካልጣመህ ዝጋው፣ አልቀየምም።

«ቴኮ አታበዛውም? በሆነ ባልሆነው እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ?» — ከጎንደር

ብቻሽን አይደለሽም። እኔንም አንዳንዴ ትዕግሥቴን ትፈትነዋለች። ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና ጓደኛ በአንድ ጊዜ የተቀየረበት ልጅ ቤታችሁ ካለ ግን አብራችሁ እዩት። እሱ ሳይስቅባት አይቀርም፣ ግን ይገባዋል።

«ሁልጊዜ ማታ ከፍቼው እተኛለሁ። እስካሁን አንድም ክፍል አልጨረስኩም። ነውር ነው?» — ሌሊት ተረኛ ነርስ

ኧረ የምን ነውር! ጃፓኖች እንዲህ ዓይነቱን ሥራ «ኢያሺኬይ» ይሉታል፤ ሐሳቡ ተመልካቹን ማሳረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 መጀመሪያ የኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የቶኪዮ የምድር ባቡር የመርዝ ጋዝ ጥቃት ደረሰ። ልብን የሚያረጋጋ ነገር ሁሉ ጃፓን ውስጥ ተፈላጊ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። የ«አማንቹ!» ዋና ዳይሬክተር ጁንዪቺ ሳቶም ለዚህ ዘውግ አዲስ አይደለም። የዚችኑ ደራሲ የቀድሞ ሥራ «አሪያ»ን ወደ አኒሜ ያመጣው እሱ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ከተረኛነት ወጥተሽ አሥረኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ከወሰደሽ ሰዎቹ የሠሩት ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። ብቻ የመጀመሪያውን ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ቀን ላይ እይው።

«ትንፋሼን ሁለት ደቂቃ መያዝ እችላለሁ። ፒካሪዎች ክለብ ይቀበሉኝ ነበር?» — ከሐዋሳ

መጀመሪያ የሚያስተዉህ እሱን ነበር! በሲሊንደር የሚጠልቅ ሰው የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ አለመያዝ ነው። በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት አንድ አትሞስፌር (ባሕር ዳር የምንለምደውን የአየር ግፊት ያህል) ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ሆነህ ከሲሊንደሩ ሳንባህን ሞልተህ፣ ትንፋሽህን ቆልፈህ ወደ ላይ ብትወጣ፣ ያ አየር የውሃው ገጽ ላይ ስትደርስ ሁለት እጥፍ ሊሆን ይፈልጋል። ሳንባ ደግሞ ያን ያህል አይለጠጥም። ስለዚህ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። በዝግታ የሚተነፍስ ሰው አየሩም ይበረክትለታል።

ያንተ ተሰጥኦ የሚፈለገው ሌላ ቦታ ነው። ጃፓን ውስጥ «አማ» የሚባሉ ሴት ጠላቂዎች አሉ። ያለ ሲሊንደር፣ በገዛ ትንፋሻቸው ወርደው ከድንጋይ ሥር ዛጎልና የባሕር አረም ይለቅማሉ። ብዙዎቹ ዛሬ አያቶች ናቸው። የአኒሜው ስም ራሱ እነሱን ያስታውሳል። የፒካሪ አያትም ባሕሩ ዳር የዳይቪንግ ሱቅ አላት፤ በነገራችን ላይ ከተከታታዩ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

«ውሃ ውስጥ አውራ ጣት ቀስሮ "አሪፍ ነው" ማለት ክልክል ነው የሚባለው እውነት ነው? የፒካሪ ፊሽካስ ምን ይሠራል?» — ከአዲስ አበባ፣ ሁለት ወንድማማቾች

ክልክል አይደለም፣ ግን አሳስታችሁ ሁሉንም ሰው ወደ ላይ ታስወጣላችሁ። ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት «እንውጣ» ማለት ነው። ወደ ታች ከሆነ «እንውረድ»። ደህና መሆናችሁን ለመናገር አውራ ጣትና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ክብ መሥራት ነው። መዳፍን ዘርግቶ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ «አንድ ችግር አለ» ነው፤ ቀጥሎ ችግሩ ያለበትን ቦታ ታሳያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጆሮ ነው። እጅን በጉሮሮ ላይ አግድም ማሳለፍ ደግሞ «አየር አለቀብኝ»። ይሄ ቀልድ አያውቅም።

ፊሽካው ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፒካሪ ቃል ሲያጥራት ትነፋዋለች እንጂ፣ ጠላቂዎች ከምር ይይዙታል፤ የውሃው ገጽ ላይ ወጥተው ጀልባ የሚጠሩበት ነው። ከታች አይረዳም። ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ አራት እጥፍ ያህል ስለሚፈጥን ጆሯችን ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ጓደኛችሁ ሲሊንደሩን ቋ ቋ ሲያደርግ ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ዙሪያችሁን ስትፈልጉት ትቆያላችሁ።

«ያን የመሰለ ባሕር ሥለው ሲያበቁ፣ ልጆቹ በድንገት ፊታቸው እንቁራሪት የሚሆነው ለምንድን ነው?» — ከድሬዳዋ

ከማንጋው የመጣ ልማድ ነው። ደራሲዋ ስሜት ሲበዛ ፊቱን ታቀልለዋለች፣ አፉን ታሰፋዋለች። መጀመሪያ ላይ አሳቀኝ፣ አምስተኛው ክፍል ላይ ሰለቸኝ፣ ከዚያ ተላመድነው። ለዚህ ብቻ ብሎ ያቋረጠው ተመልካች ጥቂት አይደለም፤ አልፈርድበትም።

«ሥዕል እማራለሁ። ጥልቅ ውሃ ሁልጊዜ ሰማያዊ የሚሆነው የሠዓሊዎቹ ምርጫ ነው ወይስ እውነት እንደዚያ ነው?» — ስሟን ያልጻፈች

እውነት እንደዚያ ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል። ጥቂት ሜትር ስትወርጂ ቀይ ነገር መደብዘዝ ይጀምራል፣ ከዚያ ብርቱካናማውና ቢጫው በተራቸው ይሄዳሉ። ሃያ ሜትር አካባቢ ጣቱ የተቆረጠ ጠላቂ ደሙ አረንጓዴ መስሎ ይታየዋል። የእጅ ባትሪ ስታበሪበት ግን ቀዩ ተመልሶ ቦግ ይላል። ሌላም ልጨምርልሽ፤ በማስክ ውስጥ ሲታይ ሁሉም ነገር በሲሶ ያህል ገዝፎ ነው የሚታየው። አሣ አየሁ ብሎ በእጁ እየለካ የሚያወራ ጠላቂ ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም።

«ሁለተኛው ሲዝን ግራ አጋባኝ። የሚበር ልጅ ከየት መጣ? ዳይቪንጉስ?» — ከዋሽንግተን

ፒተርን ነው የምትዪው። የሕልሙ ታሪክ ጥቂት ክፍሎችን ይወስዳል፣ ተመልካቹም እዚያ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ወዳጆቹ ተከታታዩ ከመጀመሪያውም ግማሽ ሕልም ነበር ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ «እኛ የመጣነው ለባሕሩ ነው» ባዮች ናቸው። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ሐሳቡ አይከፋም፣ ረዘመ እንጂ። በአንድ ክፍል ቢያልቅ ማንም ባላጉረመረመ። ዘለሽው ብታልፊ የልጆቹ ታሪክ አይጠፋብሽም።

«ፒካሪና ቴኮ ፍቅረኛሞች ናቸው ወይስ ጓደኛሞች?» — ሦስት ሰዎች ጠይቀዋል

ተከታታዩ አልተናገረም፤ ደጋፊዎቹም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ጓደኝነት ነው ያየሁበት። ዳይቪንግ ያለ ጥንድ አይሆንም። ከመግባትሽ በፊት የእሷን ማሰሪያ አንቺ ትስቢያለሽ፣ የእርሳስ ክብደቷን ትነኪያለሽ፣ የአየር መለኪያዋን ታነቢያለሽ፣ ከዚያ እሷ ላንቺ ያንኑ ታደርጋለች። ቢያልቅብሽ የምትተነፍሺው የእሷን አየር ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ያለ ቅርበት ከውጭ ለሚያይ ፍቅር ቢመስል አይገርምም።

«ለሥልጠና ቶኪዮ ልሄድ ነው። ከተማዋ በእውን አለች?» — ከአዲስ አበባ

አለች! ኢቶ ትባላለች፤ ሺዙኦካ ግዛት፣ የኢዙ ልሳነ ምድር ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ። ፈጣኑን ባቡር ከያዝክ ከቶኪዮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ኢዙ ድሮ የእሳተ ገሞራ ደሴት ነበር፤ ከደቡብ እየተገፋ መጥቶ ከጃፓን ዋና ደሴት ጋር ተላተመ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ጂኦፓርክ (በመሬት አፈጣጠሩ የሚታወቅ ሥፍራ) ብሎ መዝግቦታል። ኢቶ ውስጥ ኦሙሮ የሚባል፣ ሣር የለበሰ ክብ ተራራ አለ። በወንበር ሊፍት ይወጣል። አናቱ ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ደግሞ ቀስት መወርወሪያ ሜዳ ሠርተውበታል፤ ሰዎቹ ምን ነካቸው አትበል።

መጥለቅ ካሰብክ ወቅቱን ምረጥ። በበጋቸው መጨረሻ ውሃው ለብ ያለ ነው፤ የካቲት አካባቢ ግን ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በሃያ አምስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል፤ 15 ዲግሪ ማለት እንግዲህ የአዲስ አበባ ጠዋት አይደለም። ለዚያ ወቅት ውሃ የማያስገባ ልብስ ያከራያሉ። ከወጣህ በኋላ ፍል ውሃ ግባ፤ ኢቶ የታወቀችው ከአኒሜው በፊት በፍል ውሃዋ ነው።

«አኒሜው ልቤን ሰቀለው። ባሕር በሌለበት አገር ዳይቪንግ መማር እችላለሁ? በጣም ጎበዝ ዋናተኛ አይደለሁም።» — ከአዲስ አበባ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት

ትችያለሽ፣ እህቴ። በብዙ አገር የሚሰጠው የጀማሪዎች ኮርስ የሚጠይቀው 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው። ፍጥነት አይለካም። ይሄን እዚሁ ገንዳ ውስጥ ተለማመጂ። ስትጨርሺ እስከ 18 ሜትር ትወርጃለሽ። ቅርብ ያለን ባሕር ጅቡቲ ነው፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙበት።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ግን አንድ ጉዳይ አለ፣ አደራ እንዳትረሺው። ሰው ከጠለቀ በኋላ ደሙ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን ይቀራል፤ ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣ ጋዙ አረፋ ሠርቶ ሊጎዳው ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት የደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆይ የሚባለው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ ወደዚያ ትጠጋለች። ስለዚህ «አልበርም፣ በባቡር ነው የምመለሰው» ማለት አያድንሽም፤ ባቡሩም የሚያደርስሽ እዚያው ከፍታ ላይ ነው። የመጨረሻውን ቀን ለአሸዋውና ለምግቡ ተዪው።

ይሄ ሁሉ ከከበደሽ ከኅዳር እስከ ጥር ሂጂ። ያኔ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ፤ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፣ ሰው ግን አይነካም። የውሃው ገጽ አካባቢ ስለሚንሳፈፉ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ይታያሉ። ሲሊንደር የለ፣ ሰዓት መቁጠር የለ፣ ብትፈልጊ በማግስቱ ጠዋት ትበሪያለሽ። ፓስፖርትሽን ብቻ ከአሁኑ አሳድሺ።