ቁልፉ ለምን ኪስ ገባ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ አልቋል። የሽያጭ ሥራዬን ትቼ ወደ ቤተሰቤ ወይን ጠጅ መጥመቂያ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አባቴ የሚጠምቁት ወይን ጥሩ ነው፤ ግን የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ስለ አፈሩ፣ ስለ በርሜሉ ዕድሜና ስለ ዘለላው አለቃቀም ያወራል። ከሥራ መልስ አንድ ብርጭቆ የሚያምረው ሰው ግን የሚጠይቀኝ «ይጣፍጣል ወይስ ይኮመጥጣል? ቀዝቅዞ ነው የሚጠጣው?» ብሎ ነው። ይህን በሁለት መስመር እንጻፍ ስላቸው «ወይን የማያውቅ አይጠጣው» ይላሉ። ስንቴ ለመንኳቸው!

ባለፈው ዓመት በስንት ውትወታ አንድ ታንክ ለቀቁልኝ። በሊትር 12 ግራም ስኳር ያለው ቀለል ያለ ነጭ ወይን አወጣሁ፤ ሰውም ወደደው። ሙቀት ሲገባ አራት ካርቶን ያህል ቡሹ ከፍ ከፍ ብሎ ተመለሰ፤ ለውጠን ሰጠን፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አያወጡም። የመለያውን ነገር ሳነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ። እናቴም «ተዪው፣ ያረጀ ሰው አይለወጥም» ትለኛለች።

አንድ ሌላ ጠማቂ ወይናችንን በጅምላ ወስዶ በራሴ መለያ ሊያሽግልኝ ፈቃደኛ ነው። ለአባቴ ሳልነግር ብጀምረው ይፈረድብኛል?

ትዕግሥቷ ያለቀ

እህቴ፣

አዎ፣ ይፈረድብሻል። በመለያው ጉዳይ ካንቺ ጋር ነኝ፤ «የማያውቅ አይጠጣው» የሚል ነጋዴ ራሱ ጠጥቶ ይጨርሰው። ያሳሰበኝ «ነገሩ በዚያው አለቀ» ያልሽው ነው። የት አለቀ? ቁልፉ ኪስ የገባው ካርቶኖቹ ከተመለሱ ወዲህ መሆኑን የጻፍሽው ራስሽ ነሽ።

ቡሽ በሁለት ምክንያት ይነሣል። ጠርሙሱ ከልክ በላይ ተሞልቶ ሙቀት ካገኘው ወይኑ ይሰፋና ይገፋዋል፤ ሲከፈት ጋዝ የለውም፣ ወይኑም ጥርት እንዳለ ነው። ሲከፈት ፍሽሽ ካለ፣ ከደፈረሰና አተላ ከተቀመጠበት ግን ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ፈልቷል። ስኳር ትቶ እርሾ ያላስወጣ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል? በሊትር 4 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ የ1 አትሞስፌር ግፊት ይሰጣል፤ ያንቺ 12 ግራም ሁሉም ቢብላላ 3 ይጠጋል። ተራ ጠርሙስ ለዚህ አልተሠራም። ቡሹ በመነሣቱ እግዜር አውጥቶሻል፤ መስታወቱ ሰው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ከተመለሱት አንዱን በፎጣ ጠቅልለሽ ዛሬውኑ ክፈቺ። ከፈላ፣ ገና ያልተመለሱትንም ሰብስቡ።

ወይን አዋቂ ጠርሙስ ሲበላሽበት ይደውላል። አንቺ የምትፈልጊው ጠጪ ግን አይደውልም፤ «ወይን ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። አራት ካርቶን ከተመለሰ ስንቱ ሳይመለስ ቀረ? አባትሽ ሌሊት የሚቆጥሩት ይህን ይመስለኛል።

ስኳር ያለበት ወይን ሲታሸግ እርሾ የማያሳልፍ 0.45 ማይክሮን ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ቦታውም ከሁሉ በኋላ፣ ልክ ከመሙያው ማሽን በፊት ነው። ሰው የሚሳሳተው ከማጣሪያው ወዲያ ያለውን ቱቦና የመሙያውን አፍንጫ እየረሳ ነው፤ ነጽቶ የወጣው ወይን እዚያ እርሾ ይዞ ይገባል። ያ ሁሉ በ82 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሙቀቱንም ውሃው በሚወጣበት ጫፍ ለኪ። ማጣሪያው አለመቀደዱን ከመሙላትሽ በፊትም በኋላም በግፊት ፈትኚ። «ፖታሲየም ሶርቤት ይበቃል» የሚልሽን አትመኚው፤ ይህ ማቆያ እርሾ እንዳይራባ ያግዳል እንጂ አይገድልም። ሶርቤቱን ላክቲክ አሲድ የሚሠራ ባክቴሪያ ካገኘው ደግሞ ወይኑ የጌራኒየም ቅጠል ይሸታል፣ ማዳኛም የለውም። ወይኑን ከመበላሸት የሚጠብቀውን ሰልፈር በፒኤች (በአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) አስዪ፦ ፒኤች 3.2 ላይ በሊትር 20 ሚሊግራም ያህል ነጻ ሰልፈር የሚሠራውን፣ 3.5 ላይ 40 ካላደረግሽ አታገኚውም።

ያ በጅምላ የሚወስደው ጠማቂ ይህን ሁሉ ያደርጋል? ጠይቀሽዋል? አይመስለኝም።

12 ግራሙንስ ማን ቆረጠው? ከደረቁ (ስኳር ካልቀረበት) ወይን 100 ሚሊ ሊትር በየብርጭቆው ቅጂና 0.4፣ 0.8 እና 1.2 ግራም ስኳር ጨምሪ። አቀዝቅዘሽ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳትናገሪ ለአባትሽ አቅርቢላቸው። አሲዱ ዝቅ ያለ ወይን በሊትር 8 ግራምም ይጣፍጣል። የመለያውንም ሁለት መስመር አብረሽ ያዢ፦ «በትንሹ ጣፋጭ። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ ተከፍቶ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል።» ከዚህ የረዘመ አይነበብም።

ቀጣዩ ወይን ሲታሸግ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አራት አራት ጠርሙስ አንሺ። ለ3 ሳምንት በ28 ዲግሪ አቆዪያቸው፤ እስከዚያ አንድም ጠርሙስ አይሸጥ። ቀኑ ሲደርስ የሚከፍቱት አባትሽ ይሁኑ። አንቺ ዝም ብለሽ አጠገባቸው ቁሚና ቡሹ ሲወጣ ስሚው።