መርዶው ያልተነገረ ንጉሥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ አባታቸው ሲያወሩ «አባቴ ለእምዬ ምኒልክ ራሱን የተላጨው፣ ከል የለበሰው በሰገሌ ዓመት ነው» ይሉ ነበር። በመጽሐፍ የማነበው ግን ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. እንዳረፉና የሰገሌ ጦርነት በ1909 ዓ.ም. እንደሆነ ነው። ወንድሜ «ዓመቱ ተምታቶባቸው ነው» ይላል። አያቴ የላሟን የውልደት ቀን እንኳ የማይረሱ ሰው ስለነበሩ እኔ አላምነውም። ሰው ለሞተ ንጉሥ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለቅሳል? በ2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ሲሞቱ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ሲያለቅስ አይተናል። ያኔስ የመንግሥት ልቅሶ አልነበረም?

መልስ፦ ልጄ፣ አያትሽ አልተሳሳቱም። ወንድምሽም መጽሐፉን በትክክል አንብቧል። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ሦስት ዓመት ነው፤ እርሱ ደግሞ በትምህርት ቤት መጽሐፍ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው። እኔም በአስተማሪነት ዘመኔ በአንድ መስመር አሳልፌዋለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ በዓታ ለማርያም ነበረ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ያህል በሕይወት ነበሩ ቢባልም መኖሩ ለስሙ ነበር። በ1902 መግቢያ የመታቸው ሕመም አካላቸውን አስሮ አንደበታቸውን ወስዶ ነበርና። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ እጅ በእጅ ሲዞር ከረመ። መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ አዘዙ፤ መጋቢት 1902 ላይ መኳንንቱ ተማክረው ሥልጣኑን ነጠቋቸው። ራስ ቢትወደድ ተሰማ እንደራሴ ሆኑ፤ እርሳቸውም በ1903 ሞቱ። ከዚያ የምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ያለ ሞግዚት ቀረ። ምኒልክ አልጋ ወራሽነቱን ሲያሳውጁ ቃላቸውን የሚያፈርሰውን «ጥቁር ውሻ ይውለድ» ብለው ረግመው ነበር። እርግማኑ ዙፋኑን ለጊዜው ጠበቀለት፤ ዘውዱን ግን አልደፋለትም። አያቱ ሲያርፉ አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ቅባት ያልተቀባ ወራሽ ነበር።

በድሮው ሥርዓት ንጉሥ ሲሞት ነጋሪት ተጎስሞ «የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ» ተብሎ ይታወጃል። ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ይባላል። ሞቱና ንግሡ በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ፤ በመካከላቸው ሰይፍ የሚመዘዝበት ክፍተት እንዳይኖር ነው። በ1906 ይህ አዋጅ አልተነገረም። አስከሬኑ በግቢው ውስጥ ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ዘንድ በምስጢር ተቀመጠ፤ ደጁ ተዘጋ፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ልቅሶ ተከለከለ።

ሞትን መደበቅ ኢያሱ የፈጠረው ነገር አይደለም። ምክንያትም ነበረው። መጋቢት 1881 መተማ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሊያሸንፍ ተቃርቦ ሳለ ንጉሡ ቆሰሉ። ወሬው ከሰፈር ሰፈር ሲሮጥ ያ ሁሉ ጦር ተፈታ፤ የንጉሡም አስከሬን በጠላት እጅ ገባ። ያን ያየ መኳንንት ሁሉ አንድ ነገር ተምሯል። ከዚያ ሞት ማግስት ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብለው የተነሡትም ራሳቸው ምኒልክ መሆናቸውን ልብ በይ።

ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። የድሮ መኳንንት ልቅሶ እንዴት እንደነበረ አስቢው። በሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል። የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ተሸልሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ይሳባል፤ ጋሻው፣ ጦሩ፣ ካባው ይወጣል። አስለቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሴቱ ደረቱን ይመታል፤ ወንዱ እየተነሣ ከሟቹ ጋር የዋለበትን ጦር ሜዳ ይቆጥራል፣ ይፎክራል። አሁን ይህን ለአባ ዳኘው፣ ለምኒልክ፣ አድርጊው። ዓድዋ ከሆነ ገና አሥራ ስምንተኛ ዓመቱ ነው። በዚያ ተራራ ሥር የዋለ ሰው አብዛኛው በሕይወት አለ፤ ጠመንጃውም ቤቱ ተሰቅሏል። የሸዋ ወታደር ሁሉ ጃን ሜዳ ተሰብስቦ፣ ዕንባውን እየጠረገ፣ በአንድ ሰው ስም ሲፎክር ማን ይመልሰዋል? እንዲህ ያለው ልቅሶ ጉባኤ ነው፤ ጉባኤውም ቢፈልግ ጦር ነው። ኢያሱና ሰዎቹ የፈሩት ይህን ይመስለኛል።

የልቅሶውን ባለቤቶችም በተኗቸው። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ እንዲወጡ ተደረገ። የንጉሡ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ወደ ፋሌ ተላኩ። ሚስትና ልጅ ከሌሉበት ማን ድንኳን ይተክላል? ማንስ «እግዜር ያጥናሽ» ይባላል? ንጉሡ በሞቱ በመንፈቁ፣ ግንቦት 1906 ላይ፣ የኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ። የሸዋ ሰው ያን ሲሰማ ምን እንዳለ አልነግርሽም፤ ከአያትሽ ሰምተሽው ይሆናል።

«ታዲያ ሕዝቡ አላወቀም?» ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አውቋል እንጂ! ካህናቱ ያውቃሉ፤ የእልፍኝ አሽከሮች ያውቃሉ፤ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም ያውቃሉ። የውጭ ጋዜጦችማ ሰውየው በሕይወት እያሉ ደጋግመው ገድለዋቸዋል። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ መርዶ መቀበል ሌላ ነው። እኔ በግንፍሌ በኩል የእድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። በሰፈራችን ቤይሩት የምትሠራ ልጅ ነበረች። እናቷ ስትሞት ዘመዶቿ «ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ ትረዳለች» ብለው ዝም አሉ። ልጅቷ ጠርጥራ ነበር፤ በስልክ የእናቷን ድምፅ ባጣች ቁጥር «ተኝታለች» ይሏት ነበርና። መጥታ ገና ከደጅ ሳትገባ መርዶው ሲነገራት ከሞቱ ይልቅ ያበገናት ለሞተች እናቷ የመድኃኒት ገንዘብ ስትልክ መክረሟ ነበር። ያገሬ ሰውም እነዚያን ሦስት ዓመታት እንዲሁ ከረመ። ዘውድ የደፋ ሌላ ንጉሠ ነገሥት ስላልነበረ መሐላው «ምኒልክ ይሙት» እንደነበረ የቀጠለ ይመስለኛል። ችሎት ፊት ቆሞ፣ የሞተ ሰው ይሙት ብሎ የሚምል ባለጉዳይ ይታይሽ። ማኅተሙ ያዝዛል፣ ባለማኅተሙ የለም።

ወደ አያትሽ አባት ልመለስ። በመስቀል ቀን፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ ኢያሱ ሐረር ሳለ መኳንንቱ ከአልጋ ወራሽነቱ ሻሩትና ዘውዲቱን አነገሡ። ዘውዲቱ የነገሡት በአባታቸው ስም ነው። ትናንት ለምኒልክ ማልቀስ በኢያሱ ላይ ማመፅ ነበረ፤ በዚያ ቀን ለዘውዲቱ መታመን ሆነ። የታፈነው ሁሉ ያን ጊዜ ቢወጣ ምን ይገርማል? የሸዋ ገበሬ እርሙን ለማውጣት ሦስት ዓመት ጠብቆ ነበርና ራሱን ቢላጭ፣ ከል ቢለብስ፣ ነጠላውን ቢያዘቀዝቅ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አንቺም ጠይቂ። ጥቅምት 1909 ላይ፣ ከሰገሌ በፊት ባሉት ቀናት፣ የሸዋው የራስ ልዑል ሰገድ ጦር ቶራ መስክ ላይ ለልጃቸው ለኢያሱ ሊዋጉ ከመጡት ከንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት ጋር ገጥሞ አለቀ፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ያ ጦር በአብዛኛው ከእናንተው አገር የተነሣ ነው። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተያዙ፤ የሁለቱም ወገን ሬሳ ሜዳውን ሞላው። አያትሽ ከአባታቸው ወገን በቶራ መስክ ወይም በሰገሌ የቀረ ሰው ነበራቸው? እንደዚያ ከሆነ ሰውየው ለንጉሡና ለወንድሙ በአንድ ምላጭ ተላጭቶ ይሆናል። በዚያ ዓመት ልቅሶው ተደራርቦ ነበርና የትኛው ዕንባ ለማን እንደፈሰሰ ባለቤቱም ባይለየው አልፈርድበትም።

«አገሩ ሁሉ» የሚለውን ቃልሽን ግን አልቀበለውም፤ ለ1906ም፣ ለ2004ም። ሸዋ ለእምዬ ሲያለቅስ ከፋ የሚያለቅሰው በ1890 ዓ.ም. ተይዞ ታስሮ ለተወሰደበት ለራሱ ንጉሥ ለጋኪ ሸሮቾ ነበር። ወላይታ ምኒልክ ያረፉበትን ሳይሆን ንጉሧ ጦና የተማረከበትን ዓመት ነው የምታስታውሰው። የአርሲ ሽማግሌም ስለ ምኒልክ ሲጠየቅ የሚነግርሽ ሌላ ታሪክ ነው። እኔ ለምኒልክ ያለኝን ፍቅር አልደብቅም፤ የዓድዋ ዕለት ሁልጊዜ ነጭ ለብሼ እወጣለሁ። ነገር ግን የእኔ አባት ሲሞት የጎረቤቴ ዓይን ደረቅ ቢሆን፣ ምን እንዳደረገበት ልጠይቅ እንጂ ልሰድበው አይገባኝም።

የ2004ቱን ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ከሰኔ ጀምሮ ከዓይን ጠፉ፤ ሐምሌን በሙሉ አገሩ በወሬ ከረመ፤ አንዱ ሞቱ ሲል ሌላው አገገሙ ይል ነበር። ነሐሴ 15 ጠዋት በቴሌቪዥን ተነገረ። በዚያው ሌሊት አስከሬኑ ቦሌ ሲደርስ በዝናብ የቆመው ሰው ብዛት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ እስከ ነሐሴ 27 ቀብሩ ድረስ ከስክሪኑ ዕንባ አልደረቀም። ሰፈራችን ውስጥ ከልቧ ያነባች እናት አይቻለሁ። ካሜራ ሲዞር ብቻ ነጠላውን ወደ ዓይኑ የሚያነሣም አይቻለሁ። የእድር ጸሐፊ ብሆንም ሁለቱን ሁልጊዜ ለይቼ አውቃለሁ አልልም። በ1906 ያለቀሰ ይቀጣ ነበር፤ በ2004 ያላለቀሰ ነበር አንገቱን የሚደፋው። ልቅሶን ለባለቤቱ መተው ለቤተ መንግሥት ሁልጊዜ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልዎ። የጃንሆይ አፅም በምኒልክ መቃብር ቤት ቆይቷል የሚባለው እውነት ነው? ለምን?

መልስ፦ እውነት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞት ነሐሴ 1967 ላይ በሕመም ምክንያት ነው ተብሎ ተነገረ። መርዶው ተነገረ፤ መቃብሩ ግን የት እንዳለ አልተነገረም። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣና የምኒልክ መቃብር ባለበት በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠ። መንግሥት የክብር ቀብር አልፈቀደም፤ ነገሩ ሲንከባለል ስምንት ዓመት አለፈ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በእቴጌ መነን አጠገብ አረፉ፤ ከጃማይካ ሳይቀር የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ነበሩ። ለምን በዓታ ላልከው፣ ለነገሥታት የተሠራ መቃብር ቤት በቅርብ ያለው እርሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ከዚህ የበለጠ ምስጢር አትፈልግበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሐዋሳ ነኝ። በዓታን ልጆቼን ይዤ ልጎበኝ አስቤያለሁ። ምን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው፤ ከአራት ኪሎ በእግር ይደረሳል። ያሠሩት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። የአባታቸውን አስከሬን ከሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት አውጥተው እዚያ ያሳረፉት ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በኋላ እቴጌ ጣይቱም፣ ዘውዲቱም እዚያው አረፉ፤ አቡነ ማቴዎስም አሉ፤ የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይም አለች። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል በታች ስለሆነ ቁልፍ የያዘ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሳይኖር አይወረድም። ግቢው እንደደረሳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለመግቢያ የሚከፈል ገንዘብም አለ። ባለቤትህና ሴቶቹ ልጆችህ ነጠላ ይያዙ። ጫማ ስለሚወለቅ ለትንሾቹ ወፍራም ካልሲ አልብሳቸው፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥ 3 በዓሉ ስለሆነ የምእመኑ ብዛት ወደ መቃብሩ አያስቀርባችሁም፤ በሌላ ቀን ብትመጡ ይሻላል።