ሾክ አብዞርበር ሲሞት አይጮህም፦ ስለ አሮጌ ጎልፍ ጂቲአይ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመጡት ጥያቄዎች በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2004 ስለወጣው አምስተኛው ትውልድ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ሾክ አብዞርበር (ባጭሩ ሾክ)፣ ማለትም የሞላውን ንጥረት ስለሚያረግበው ዘይት ያለበት ቱቦ ናቸው። ከፊት ማክፈርሰን ነው፣ ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የተገጠሙበት ዓይነት፤ ከኋላ ለየጎማው አራት አራት ክንድ አለው። ከአዲስ አበባ የቪትዝ ጥያቄም ስለገባ አብሮ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ 150,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ጂቲአይ ልገዛ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ከፋብሪካ የመጣው ነው። እንደገዛሁ ልቀይረው?

መልስ፦ በኪሎ ሜትር ብቻ አትወስን። ከ80,000 በኋላ በደንብ ይፈተሽ ይባላል እንጂ ይጣል አይባልም። በሌላ በኩል 150,000 ላይ እንደ አዲስ ይይዛል ብለህም አትጠብቅ። የሾክ ክፋቱ ቀስ በቀስ መድከሙ ነው፤ የሚነዳው ሰው እጁ ስለሚለምደው አይታወቀውም። ሻጩ «ምንም የለበትም» ሲልህ ላይዋሽ ይችላል።

ከመግዛትህ በፊት ጎማዎቹን ዙሪያቸውን በመዳፍህ ዳብስ። ጎድጎድ፣ ጉብ፣ እንደገና ጎድጎድ እያለ ከሄደ ጎማው መሬት ላይ እየነጠረ ሲበላ ከርሟል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሾኩ ነው። የውስጡ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ግን ጉዳዩ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበል መስተካከል) ነው። ቀጥሎ ሞገድ ሞገድ ባለ አስፋልት ላይ በ80 ንዳው። መኪናው አንዴ ተነስቶ ከተቀመጠ ደህና ነው። ተቀምጦ እንደገና ከተነሳ ሾኩ አልቋል።

ጥያቄ፦ ኮፈኑን ተጭኜ ስለቀው አንዴ ብቻ ተነስቶ ይቆማል። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። በእጅ ግፊት ጨርሶ የሞተው ብቻ ነው የሚያዘው። ግማሽ የደከመ ሾክ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል፤ በዝግታ ስትጫነው የቦኮላው (የክንድ መገጣጠሚያው ላስቲክ) እና የማውንቲንጉ (ሾኩን ከላይ ከቦዲው የሚያያይዘው) ፍትጊያ ራሱ መኪናውን ያቆመዋል።

ጥያቄ፦ የኋላው ሾክ ላይ ዘይት አየሁ።

መልስ፦ ከላይ በኩል ስስ ወዝ ኖሮ አቧራ ከያዘ ላብ ነው፣ አያስጨንቅም። ጠርገሽው ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልከቺ። እርጥቡ ከሾኩ ቁመት ግማሽ በታች ከወረደ ወይም ከታችኛው ብሎን ላይ ከተንጠባጠበ ሁለቱንም የኋላ ሾኮች ቀይሪ። አንዱን ብቻ ከቀየርሽ ግራና ቀኙ እኩል አይይዙም፤ ያ ደግሞ ብሬክ ላይና ኩርባ ላይ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ በኮብልስቶን ቀስ ብዬ ስሄድ ከፊት ቋ ቋ ቋ ይላል። ጋራዡ አራቱንም ሾክ ቀይር አለኝ።

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። በዝግታ፣ በትንንሽ ጉብታ ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ከሾክ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልገው።

መጀመሪያ የስታብላይዘር ሊንክ፣ ማለትም ግራና ቀኙን የሚያገናኘውን ባር ከሾኩ ጋር የሚያያይዘው አጭር ዘንግ። መኪናው በአራት እግሩ ጉድጓድ ላይ ቆሞ አንድ ሰው ጎኑን ያወዛውዘው፤ አንተ ከታች ሊንኩን ጨብጥ። ልቅ ከሆነ መዳፍህ ላይ ጠቅ ጠቅ ይልሃል። አንዱን ጎማ በክሪክ አንስተህ ከፈተሽክ ግን ባሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ልቅነቱ ይደበቃል። ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሊንክ ርካሽ ነው፤ ሾኩ ሳይነካ ለብቻው ይቀየራል፤ ዳዶው የሚጠብቀው በ65 ኒውተን ሜትር (በቶርክ ቁልፍ የሚለካ የማጥበቂያ ኃይል) ነው።

ሁለተኛ ማውንቲንጉና በውስጡ ያለው ኩሽኔታ። መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ሌላ ሰው መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙር፤ አንተ ጣትህን ሞላው ላይ በስሱ አሳርፍ። ሞላው እየተጠራቀመ ድንገት ጥንግ ብሎ ከዘለለ ኩሽኔታው ተይዟል።

ሦስተኛ የታችኛው ክንድ የኋላ ቦኮላ። ይህ መኪና 200 የፈረስ ጉልበቱን በፊት ጎማ ስለሚያወርድ ነዳጅ በረገጥክና በለቀቅክ ቁጥር የሚጎተተው የዚህ ቦኮላ ላስቲክ ነው። በረጅም ብረት ፈልቅቀህ ተመልከት፤ የላዩ ስንጥቅ ብቻውን አያስቀይርም፣ ተቀዶ እስከ ውስጥ ከተላቀቀ ግን ያስቀይራል። ምልክቱ ብሬክ ስትይዝ መሪው ወደ አንድ ወገን መንሸራተቱ ነው።

ሦስቱም ደህና ከሆኑ ያን ጊዜ ስለ ሾክ እናውራ።

ጥያቄ፦ የግራው ፊት ከቀኙ ዝቅ ብሏል።

መልስ፦ ከቸርኬው መሐል ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ለካ። ልዩነቱ ከ15 ሚሊ ሜትር ካለፈ የሞላውን የታች ጫፍ በባትሪ እይ። በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንባቸው አገሮች፣ ጀርመንም ይሁን የአሜሪካ ሰሜን፣ የጎልፍ ሞላ የታችኛው ዙር ላይ ዝጎ ይሰበራል። ስብራቱ ጎማውን ሊቀድ ስለሚችል በዚያ መኪና አትንዳ።

ጥያቄ፦ ፊቱን ራሴ ልቀይር ነው። ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ 2 ሾክ፣ 2 ማውንቲንግ፣ 2 ኩሽኔታ፣ 2 ስቶፐር (ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ምቱን የሚቀበለው)፣ 2 የአቧራ ላስቲክ። ላስቲኩን ለማትረፍ አትሞክር፤ ከተቀደደ አቧራ የሾኩን ዘንግ እየፋቀ ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ቀለበት) ይበላል፤ አዲሱ ሾክ ያለ ጊዜው ዘይት ያፈሳል። ማውንቲንጉን ነገ እቀይራለሁ ካልክ ነገ ያንኑ ሥራ ሁለተኛ ትሠራለህ። የሚጠመዘዙት ብሎኖች አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግሉት፦ በየጎኑ ከላይ 3፣ ከታች ሾኩን የሚጨብጠው 1፣ የዘንጉም ዳዶ።

ከማዘዝህ በፊት የሾኩን የታች ውፍረት ለካ። የጂቲአዩ 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ አነስተኛ ሞተር ላላቸው ጎልፎች የሚሸጠው 50 ነው። ሁለቱም «ለጎልፍ 5» ተብለው ይሸጣሉ።

ጥያቄ፦ ስገጥም ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሞላ ሰው ይገድላል። መጭመቂያውን በተቃራኒ ጎን ሁለት አስገባ፣ በእጅ ቁልፍ እያፈራረቅህ ጥበቅ፣ ፊትህን ከሞላው አቅጣጫ አርቅ። የዘንጉን ዳዶ በአየር መፍቻ አትንካው፤ ዘንጉ ይሽከረከርና ሲሉ ይጎዳል። በ21 ቁልፍ ዳዶውን፣ በ7 አለን ቁልፍ ዘንጉን ይዘህ 60 ኒውተን ሜትር አድርስ። ዘንጉን በፒንሳ ከያዝከው ሾኩን እንደጣልከው ቁጠር።

አዲሱን ሾክ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ከሆነ፣ አቁመህ አራት አምስት ጊዜ በዝግታ እስከ መጨረሻው ዝቅና ከፍ አድርገው፤ ተኝቶ ሲከርም የገባው አየር ይወጣል። ከላይ ሦስቱን 15 ኒውተን ሜትር አድርሰህ ተጨማሪ 90 ዲግሪ (ሩብ ዙር) አዙር፤ ከታች ጨባጩን 70 አድርሰህ እንዲሁ 90 ዲግሪ ጨምር።

ክንድ ወይም ቦኮላ ከፈታህ የመጨረሻውን ጥበቃ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ አድርግ። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የቦኮላው ላስቲክ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ስለሚሠራ አዲሱ ቦኮላ ቶሎ ይቀደዳል። ዜኖን መብራት ካለህ ክንዱ ላይ ያለውን የከፍታ ሴንሰር ዘንግ እንዳትሰብር።

ጥያቄ፦ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ በድሮው ሾክ ላይ ልግጠም?

መልስ፦ አትግጠም። አጭሩ ሞላ ሾኩን ለስቶፐሩ ያስጠጋዋል፤ የደከመ ሾክ እየተላተመ ያልቃል። ከሾክ አምራቹ ቢልስታይን ምርቶች ቢ 4 የፋብሪካውን ይተካል፤ ቢ 6 ጠንከር ያለ ሆኖ ከፋብሪካው ሞላ ጋር ይሄዳል፤ ቢ 8 ለአጭር ሞላ የተቆረጠ ነው። ጂቲአዩ ከተራው ጎልፍ በ15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። በእኔ ግምት ቢ 4 ወይም የዛክስ ሾክ ለዕለት መንገድ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቪትዝ አርኤስ አለኝ። ሶማሌ ተራ ላይ አሮጌውን ሾክ ዘይት ሞልተው መልሰው ይሰጡሃል አሉኝ።

መልስ፦ ይቅርብህ። ሾኩ ውስጥ ዘይት ብቻ አይደለም ያለው፤ ጋዝ በግፊት ገብቶ ተዘግቷል፣ ሲሉና ቫልቩም አብረው ተበልተዋል። ከጥር 2016 ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለውን ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥህ ትፈልጋለህ፤ ስለዚህ ሁለቱን የፊት ሾክ በአንድ ላይ ግዛ፣ ግራና ቀኝ ለየብቻ ስለሆኑ ሳጥኑን አይተህ። እዚህ ጨው የለም፣ ሞላው ብዙ ጊዜ ይኖራል። ጉድጓዱና ፍጥነት መቀነሻው የሚፈጀው ሾኩን፣ ቦኮላውንና ቦል ጆይንቱን ነው። የኋላው አንድ ወጥ አክስል ነው፤ ኩርባ ላይ ኋላው የሚዋልል ከመሰለህ ከሾኩ በፊት አክስሉን ከቦዲው የሚያያይዙትን ሁለት ትልልቅ ቦኮላዎች እይ።

ጥያቄ፦ ከቀየርኩ በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ሞላው ከተቀመጠ በኋላ። ለጂቲአዩ አራቱንም ጎማ አስለካ፤ የኋላውም ይስተካከላል። ከኋላ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች ዝገው ይያዛሉና ከመሄድህ በፊት ባለው ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጭባቸው።