አድራሻው ላይ «ናዝሬት» ብዬ ጻፍኩ

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። ነርስ ናት። ከተመደበች ገና ዓመት አልሞላትም፤ እዚሁ አዳማ ቲቢ ክፍል ነው የምትሠራው። ቶናው ላይ ስንደርስ፣ «እትዬ፣ ቀጠሮ የማያከብር በሽተኛ ምን ይደረጋል? አንዱ መድኃኒቱን አቋርጦ ጠፋብኝ። ስንቴ መከርኩት፣ ስንቴ ተቆጣሁት! ለራሱ የማያስብ ሰው እኔ ምን ላድርገው?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። ስኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። «አመመዎት እንዴ?» ብላ ደነገጠች።

አላመመኝም። «ተቆጣሁት» ያለችው ነው የያዘኝ። በዚያው ማታ ለልጆቼ እንኳን ያልነገርኳቸውን ነገር ነገርኳት። እናንተም ገና ጋውን የለበሳችሁ ልጆች ስላላችሁ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

በመንግሥት ሆስፒታል 31 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የምነግራችሁ በ1989 ዓ.ም. የሆነውን ነው። ያኔ ከተማችን ናዝሬት ነበር የምትባለው። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። የከተማው ታክሲ ጋሪ ነው። ከመናኸሪያ ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት ፍራንኮ፣ ሰውም ጤፍም በጋሪ ነው የሚጓጓዘው። ምጥ የያዛት ሴት ሳትቀር በጋሪ ትመጣ ነበር። አንድ ሌሊት በራችን ላይ፣ ጋሪው ላይ እንዳለች የወለደች ነበረች። እኔ ሕፃኑን ተቀበልኩ፣ ባለጋሪው ፋኖሱን ያዘ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ብርሃኑ ወዲያና ወዲህ ሲል ዛሬም ይታየኛል። ያ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የምሠራው ቲቢ ክፍል ነበር። ጠባብ ናት፤ መስኮቷ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሆናል። በሽተኛው መድኃኒቱን ባለሙያ ዓይን ፊት እንዲውጥ የሚያደርገው አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ተሞክሮ ወደ ሌላውም አካባቢ እየገባ ነበር። ሕክምናው ስምንት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ መጥቶ መርፌውን ይወጋል፣ ክኒኑን እኔ ፊት ይውጣል። ቀሪውን ስድስት ወር በየወሩ እየወሰደ ቤቱ ይውጣል። የእኛ ክፍል ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡30 ነበር የሚሠራው።

አንድ ጋሪ ነጂ መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስት ወር አስሎታል፤ ቀበቶው ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቷል። አክታው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስቱም ላይ ተገኘበት። ካርድ አወጣሁለት።

«የት ነው የምትኖረው?»

«እዚሁ።»

«ቀበሌ? የቤት ቁጥር?»

ዝም አለ። ከዚያ በጅራፉ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ አሳየኝ። ውጭ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። አድራሻው ላይ «ናዝሬት» ብዬ ጻፍኩ። የቅርብ ተጠሪ የሚለው ላይ ሰረዝ አደረግኩ። ያቺን ሰረዝ ለማድረግ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ሰውየው ጥሩ በሽተኛ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ መለስ አለ። አንድ ቀን ሰው እስኪወጣ ጠብቆ፣ «ሲስተር፣ ሽንቴ ደም ሆነ፤ አልቆልኛል አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንት ያቀላል፤ ሳልነግረው ቀርቼ ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ያኔ ማፈር ነበረብኝ። «መድኃኒቱ ነው፣ አይዞህ» ብዬ ሸኘሁት።

ችግሩ ማርፈዱ ነው። ሳጥኑን ቆልፌ ወደ ዋርድ ልሄድ ስል አምስት ሰዓት ላይ ከች ይላል፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጅራፉን እንደያዘ። አንድ ቀን ከፈትኩለት። ሁለተኛም ከፈትኩለት። እንዲህ እያልን ሰንብተን አንድ ጠዋት ግን በሰው ሁሉ ፊት ጮኽኩበት። ቃል በቃል ልንገራችሁ፦ «አንተ ለነፍስህ ካልሳሳህ እኔ ልሳሳልህ? ነገ ከአራት ተኩል ካለፍክ እንዳትመጣ!»

ጅራፉን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ከተተው። «እሺ ሲስተር» አለ። ክኒኑን ዋጠ። አፉን ከፍቶ ምላሱን አንስቶ አሳየኝና ሄደ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። የወሰደው የ37 ቀን መድኃኒት ነበር። ደህና ሲሆኑ ያቋርጣሉ ብለው አስተምረውናልና እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ወሩ ሲያልቅ ሪፖርቱ ላይ «አቋርጧል» ከሚለው ሥር አንድ ቁጥር ጨመርኩ።

ከወር በኋላ ኅሊናዬ እንቢ ሲለኝ ወደ ጋሪ ማቆሚያው ሄድኩ። በካርድ ስሙ ጠየቅኩ። የሚያውቀው የለም። አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ፣ «ልጄ፣ ፈረሱ ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ። አላውቅም። ሠላሳ ሰባት ቀን ሙሉ ፈረሱን በራችን ላይ እያሰረ ገብቶ ወጥቷል፤ እኔ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። አፍሬ ተመለስኩ።

ነሐሴ ላይ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ገቡ። በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ደም ይዘዋል። ከተሸከሙት አንዱ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። አዩኝና ራሳቸውን ያዙ። «ባለዳማውን ነው እንዴ ያን ቀን የፈለግሽው? ባለዳማው ብትይኝ እኮ እጁን ይዤ ባመጣሁልሽ!» ዳማ ፈረስ ስለሚነዳ፣ በመናኸሪያው ዙሪያ ባለዳማው እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም።

አወቀኝ። ትንፋሹን ሰብስቦ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይቅርታ ነበር። «ይቅርታ ሲስተር፤ ጠዋት የአውቶቡስ ሰዓት ሆኖብኝ ነው።»

ታሪኩን በዘጠኝ ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ሰማሁት። ጋሪው የሱ አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ ቁርጥ ገንዘብ ያስገባል። ገንዘብ ያለው ጠዋት ነው፤ ከአዲስ አበባ የተነሡት አውቶቡሶች የሚገቡት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነውና። ያን ሰዓት የቀረ ነጂ ገቢው አይሞላለትም፤ ሁለት ቀን ካልሞላ ጋሪው ለሌላ ይሰጣል። እሱ የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰው አድርሶ፣ ፈረሱን እያስሮጠ ነበር ወደኔ የሚመጣው። ያ ላብ የዚያ ነው። እኔ ደግሞ ግድ የለሽ አድርጌ አየሁት።

በዘጠነኛው ቀን ሊነጋ ሲል አረፈ።

ሌላም አለ። በራችን ላይ የነበሩት ዘበኛ ያውቁት ነበር። ፈረሱን የሚጠብቁለት እሳቸው ናቸው፤ የሚያድርበትን ቤት ሳይቀር ያውቃሉ። ሲሞት አብረውኝ አለቀሱ፤ «ምነው ሲስተር፣ ብትጠይቂኝ» አሉኝ። በየቀኑ ጠዋት «እንደምን አደሩ» ብያቸው የምገባ ሰው ነኝ። መጠየቁ በሐሳቤም አልመጣም። ካርድ ላይ የሌለ ነገር ሆስፒታል ውስጥ የሚታወቅ አይመስለኝም ነበር።

ያደረበትን ቤት ሄጄ አየሁት። አንድ ክፍል ነው፣ መስኮት የለውም፣ ስድስት ሰው ያድርበታል። አምስቱን አክታ አስመረመርናቸው። ሁለቱ ላይ ተገኘ። ያልታከመ የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው በዓመት ከ5 እስከ 15 ሰው ሊያስይዝ ይችላል ተብሎ ይነገራል። እኔ ትምህርት ቤት ተምሬው፣ ፈተናም ጽፌው ነበር። የገባኝ ግን መሬት ላይ የተነጠፉትን ስድስት ሰሌኖች ሳይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ወለንጪቲ ሚስትና የሚጠባ ልጅ ነበረው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደ የሚያያቸው።

ለሁለቱ መድኃኒቱን ማታ 11 ሰዓት ላይ ልስጥ ብዬ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩ። የፈራሁትን ያህል ምክንያት ደርድሬ፣ ወረቀትም ጽፌ ነው የገባሁት። አንብበው፣ «ማን ከለከለሽ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ማንም አልከለከለኝም ነበር። ሁለቱም ስምንት ወራቸውን ጨርሰው ዳኑ። ደስታዬን ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ልቤ አልተደሰትኩበትም።

አሁን ምክር ይባልልኝ እንግዲህ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ሰዓት አክብሩ አልላችሁም፤ ትምህርት ቤት ተነግሯችኋል።

የማሳስባችሁ ካርዱን ስትሞሉ ነው። የቤት ቁጥር ከሌለው የት ያድራል፣ ከማን ጋር ያድራል፣ ሠፈር ውስጥ ማን ብለው ይጠሩታል፣ እንጀራውን የሚያገኘው በስንት ሰዓት ነው? ይህን ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ሰልፉ ይጠብቃል። የመንግሥት ሆስፒታል ሥራ በሩ ላይ የሚያልቅ ይመስለናል፤ በሽተኛው ግን ከእናንተ ጋር የሚቆየው ሩብ ሰዓት ነው። ቀሪውን ቀንና ሌሊት የሚያክመው ወይም የሚያሳምመው ቤቱ ነው፣ አሠሪው ነው፣ አብሮት የሚተኛው ሰው ነው። ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋንም አክብራችሁ ጠይቁ። በሽተኛ ለናንተ የማይነግራችሁን ለነሱ ይነግራል።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው የተሰጣችሁ ነገር ብዙ ነው። ሕክምናው ስድስት ወር ሆኗል፣ መርፌው ቀርቷል፣ መድኃኒቱ በነፃ በየጤና ጣቢያው አለ። በጂን ኤክስፐርት ማሽን የአክታ ውጤት በሁለት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ቤት ለቤት የምትሄድ ሠራተኛ አለች፤ ፕሮግራሙ ኋላ ላይ ከተማም ገብቷል። እኔ ያኔ አንዲት እንደሷ ያለች ልጅ ብትኖረኝ ባለዳማውን ባገኘሁት። ልጆች፣ እሷን የበታች አድርጋችሁ ስታዩ ይከፋኛል። «እሷ እኮ ነርስ አይደለችም» ስትሉ ሰምቻለሁ። የበሽተኛችሁን ደጃፍ የምታውቀው እሷ ናት።

አንድ ነገር ልናገርና አትቀየሙኝ። ስልካችሁ ላይ ብዙ ትቆያላችሁ። በቀደም እህቴን ላሳክም ሄጄ ነበር፤ ስኳር አለባት። ወጣቱ ሐኪም ዕውቀቱ ያስቀናል፤ እኛ በሱ ዕድሜ የዚያን ግማሽ አናውቅም ነበር። ስለ ምግብ አሥር ነገር ዘረዘረላት። ማን እንደሚያበስልላት ግን አልጠየቃትም። እህቴ የምትበላው ምራቷ የሠራችውን ነው። ያም ሆኖ እዚያው ዋርድ አንድ ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም ማለት ነው፣ አስታማሚ ለሌለው ሽማግሌ ከኪሱ ወተት ገዝቶ ሲያጠጣ አየሁ። ደመወዙ እንኳን ለወተት ለቤት ኪራይም እንደማይበቃ አውቃለሁ። ስለዚህ ዘመኑ ከፍቷል የሚሉትን ሁሉ አልቀበልም።

ቁጣ ሁሉ ክፉ ነውም አልልም። እኔን ነርስ ያደረገኝ የሜትረናችን፣ የነርሶች አለቃችን፣ ቁጣ ነው። አልጋ አንጥፈን ጫፉ ከተዛነፈ አንሶላውን ገፍፋ መሬት ትጥለው ነበር፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። እሷ የምትቆጣው ግን እኛን ነበር። በሽተኛ ስትቆጣ አላየኋትም። እኔ ደግሞ አንዲት እናት የልጇን የኩፍኝ ክትባት ሦስት ጊዜ ቀጥራ ስትቀር ተቆጥቻታለሁ፤ በዚህም አልጸጸትም። ቤቷን አውቀዋለሁ፣ ጤና ጣቢያው ከደጇ ነው፣ ባሏም አልከለከላትም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ አስቤ አስቤ የደረስኩበት፣ የሷን ኑሮ አውቄ መቆጣቴ ነው። የባለዳማውን ምንም አላውቅም ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። «የሰውየው አድራሻ ምን ይላል?» አልኳት። ስልኳን አውጥታ የካርዱን ፎቶ አሳየችኝ። «አዳማ» ይላል። ስልክ ቁጥር አለው፤ ዝግ ነው። ሥራው የቀን ሠራተኛ።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። የሠፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝታለች፤ ሠራተኛዋም «ድንጋይ የሚጭን አንድ የታመመ ልጅ አውቃለሁ» ብላታለች። ነገ አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። በስንት ሰዓት እንደሚሄዱ ጠየቅኳት። «ሥራ እንደገባሁ፣ ሁለት ተኩል» አለችኝ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ሂዱ አልኳት፤ የቀን ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ቤቱ አይገኝም።