ግሩፕ ውስጥ ያለ ሼፕን በማክሮ ስለማቅላት፦ ለፔንሲዮኑ ፕላን ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን እንደተረዳሁት፣ ለምትሠሪበት ፔንሲዮን የክፍሎቹን ፕላን ኤክሴል ላይ ሥለሻል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ አራት ማዕዘን፣ ቁጥሩ ያለበት ቴክስት ቦክስና አንዲት ትንሽ ክብ ሆኖ ግሩፕ ተደርጓል (እንደ አንድ ነገር ታስሯል)። ሠንጠረዡ ላይ «ተይዟል» ሲባል አራት ማዕዘኑ ብቻ እንዲቀላ ትፈልጊያለሽ። ማክሮው (ይህን በራሱ እንዲሠራ የተጻፈው ኮድ) ግን በሼፖቹ፣ ማለት በተሣሉት ቅርጾች፣ ላይ ሲዞር ምንም ሳይነካ ያልፋል፤ ግሩፑን ራሱን ቀለም ስትሰጪው ደግሞ ሦስቱም አብረው ይቀላሉ።

ከእኔ በፊት የመለሰልሽ ሰው «አንግሩፕ አድርገሽ (ግሩፑን ፈትተሽ)፣ ቀለም ቀይረሽ፣ መልሰሽ ግሩፕ አድርጊ» ያለው አያዋጣም። መልሰሽ ስትሰበስቢው አዲስ ግሩፕ ነው የሚፈጠረው፤ ያወጣሽለት ስም ቀርቶ ኤክሴል የራሱን ስምና ቁጥር ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ማክሮው በድሮው ስም ሲፈልግ ያጣዋል። እዚሁ ሀዋሳ ለአንድ ፔንሲዮን እንዲህ ያለ ፋይል ሠርቼ እስካሁን የምከታተለው እኔ ነኝ፤ በፍቼ ጨምበላላ ወይም በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ክፍል በየሰዓቱ ሲለዋወጥ ማን ያንን ሁሉ ሲፈታና ሲያስር ይውላል?

ግሩፑን እንደ ግቢ እዪው። ሉፕሽ (ሼፖቹን አንድ በአንድ የሚያየው የኮዱ ክፍል) የሚያየው የግቢውን አጥር ብቻ ነው። የግሩፕ ዓይነት ቁጥሩ 6 ነው፣ የተራ ሼፕ 1፣ የቴክስት ቦክስ 17። ስለዚህ መጀመሪያ «ዓይነቱ 6 ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከሆነ «ግሩፕ አይተምስ» (GroupItems፣ በግሩፑ ውስጥ ያሉት ሼፖች ዝርዝር) በሚለው በኩል ወደ ውስጥ ግቢ፣ ከውስጥ የምትፈልጊውን በስሙ ጥሪና ቀለሙን ለእሱ ብቻ ስጪ። ምንም ሳይፈታ ይሠራል። አንድ ነገር ግን፦ ክፍሎቹን እንደገና በፎቅ ግሩፕ አታድርጊያቸው። ግሩፕ በግሩፕ ሲሆን «ግሩፕ አይተምስ» ሁሉንም ዘርግፎ ነው የሚያመጣው፤ መሀል ያለውን የክፍል ግሩፕ አታገኚውም።

ስም አወጣጡ ላይ አትቸኩዪ። አልት ይዘሽ ኤፍ10 ስትጫኚ የሼፖቹ ዝርዝር በጎን ይወጣል፤ እዚያው ስሙን ሁለቴ ጠቅ አድርገሽ ቀይሪ። የውስጦቹ ስም በየክፍሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፣ ኮዱን ያቀልልሻል። የግሩፖቹ ስም ግን መደጋገም የለበትም፤ ኮፒ ስታደርጊ ያወጣሽው ስም አብሮ ስለሚገለበጥ ማክሮው ሁለተኛውን ትቶ የመጀመሪያውን ያቀላል። ግሩፑንም «101» ብቻ ብለሽ አትሰይሚው። ሴሉ ውስጥ ያለው 101 ቁጥር ስለሆነ ኤክሴል «101ኛውን ሼፕ አምጣ» የተባለ ይመስለዋል፣ ያን ያህል ሼፕ ከሌለ ኤረር ይሰጥሻል። ከፊቱ በላቲን ፊደል አንድ ቃል ጨምሪበት።

አሁን ሁላችንንም ወደሚያስመርረው፣ ወደ አማርኛው። የቪቢኤ (ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ) መጻፊያው ዩኒኮድ (የአማርኛንም ፊደል የያዘውን የኮምፒውተር ፊደል አሠራር) ስለማያውቅ «ተይዟል» ብለሽ ኮዱ ውስጥ ብትለጥፊ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል፤ በሜሴጅ ቦክስ አማርኛ ማሳየትም እንዲሁ። ፊደል በፊደል በቁጥር መጥራት ይቻላል፣ «ሀ» 4608 ነው፣ ግን ማን ይህን አንብቦ ያስተካክላል? እኔ የማደርገው ሌላ ነው። አንድ የተደበቀ ሺት ላይ «ተይዟል»፣ «ነፃ»፣ «ይጸዳል» ብዬ እጽፋለሁ፤ አጠገባቸው ያለውን ሴል በምፈልገው ቀለም እሞላለሁ። ማክሮው ቃሉን ከዚያ ያነጻጽራል፣ ቀለሙንም ከዚያው ይወስዳል። ባለቤቱ ነገ «ቀዩ አስጠላኝ፣ ብርቱካናማ ይሁን» ቢል ኮድ መክፈት የለም። የሺቱ ስም አማርኛ ከሆነም በውጭ ስሙ ሳይሆን ቪቢኤው ውስጥ በሚታየው የኮድ ስሙ ጥሪው።

ቃሉን በእጅ እንዲጽፉ አትተዪ፤ ከዚያው ሺት ድሮፕዳውን (የሚመርጡበት ዝርዝር) አድርጊላቸው። የጠዋቷ ሠራተኛ «ይጸዳል»፣ የማታው «ይፀዳል» ይጽፋል፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኤክሴል ሁለት ቃል ነው።

ሌላው አጭር ነው። ሁኔታው በፎርሙላ የሚቀየር ከሆነ የ«ቼንጅ» ኢቨንት (ማክሮውን የሚቀሰቅሰው ክስተት) አይነሳም፣ «ካልኩሌት» የሚለውን ተጠቀሚ። ሺቱን በፓስወርድ ከቆለፍሽ ማክሮውም ይቆለፍበታል፤ በኮድ «ዩዘር ኢንተርፌስ ኦንሊ» (UserInterfaceOnly፣ ሰውን እንጂ ማክሮን የማይከለክል) ብለሽ ቆልፊ፣ ይህ ግን ፋይሉ ሲዘጋ ስለሚጠፋ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር እንዲታዘዝ አድርጊ። ማክሮ ከሠራ በኋላ «አንዱ» (Undo፣ የተደረገውን መመለሻው) አይሠራም፣ ኮፒ ላይ ሞክሪ። ስልክ ላይ ያለው ኤክሴል ማክሮ ስለማያስኬድ ባለቤቱ ከቤቱ ሆኖ ቀለሙን ልቀይር ቢል አይሆንለትም፣ አስቀድመሽ ንገሪው።

እምቢ ካለሽ ፋይሉን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የእንግዶቹን ስምና ስልክ አጥፍተሽ ግን።